ሦስተኛው ባትሪ

ሐምሌ 5

ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። መብራት ከሄደም ሰንብቷል። ስቱዲዮውን ከፍቼ ዋልኩ። የገባችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የመታወቂያ ፎቶ ፈልጋ። መብራት የለም ስላት፣ "ታዲያ ምን ልትሠራ ከፈትክ?" ብላኝ ወጣች። እውነቷን ነው።

ይህን ደብተር የገዛሁት የድሮኗን ባትሪዎች መቼ እንደሞላሁና ስንት ላይ እንደተውኳቸው ልጽፍበት ነበር። ሳላስበው ሌላ ነገር መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግን ባትሪዎቹ። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛው እስከ አርባ ፐርሰንት በደንብ ይወርድና ከዚያ በኋላ አይታመንም፤ በድንገት ይከዳል። ሦስተኛው ጎኑ ላይ ከፍ ያለ ነገር አለው። በጣቴ ዳሰስኩት። ምናልባት ድሮም እንደዚያ ነበር።

ባለቤቴ ማንአለሽ ከጤና ጣቢያ ሥራዋ ስትገባ፣ ሦስቱን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ሣጥናቸው ስመልስ አገኘችኝ።

"ብርድ እንዳይመታቸው ነው?" አለች።

ብርድ ይጎዳቸዋል፣ ሙቀትም ይጎዳቸዋል፣ ሙሉ ሆነው ቢከርሙ ያብጣሉ፣ ባዶ ሆነው ቢከርሙ ይሞታሉ አልኳት።

"እኔስ?" አለችና ልብሷን ልትቀይር ገባች። እየቀለደች መሰለኝ።

ሐምሌ 11

ድሮኗን የገዛኋት ባሕር ዳር፣ ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ እጅ ነው። ያኔም አዲስ አልነበረችም። ጥር ሲመጣ ከእስቴ እስከ ስማዳ ያለ ሙሽራ ሁሉ ከሰማይ ካልተቀረጽኩ ይል ነበር። የታላቅ ወንድሜ የወርቁ ልጅ ህሊና ወገዳ ከተማ ስትዳር ከላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወርቁ እንደ ልጅ ወደ ሰማይ አንጋጦ ሲስቅ፣ ሚስቱ ሐረገ ወይን አፍራ በነጠላዋ ስትከለል ቪዲዮው ላይ እስከ ዛሬ ይታያል።

አሁን ማን ያስነሳታል? በእነዚህ የውጊያ ዓመታት ከሰማይ ድምፅ የተሰማ እንደሆነ ገበያ ይበተናል። ሰው ዛፍ ስር ይገባል፤ እናት ልጇ ላይ ትተኛለች። እኛ ቤት "ድሮን" የሚል ቃል አይነሳም። "ካሜራዋ" ነው የምንላት። ሽጣት ይሉኛል፤ ማን ይገዛታል? ጣላት ይሉኛል። ይህንን ሲሉኝ ሄጄ ሣጥኗን አያለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዕቃ ነች።

ዛሬ ሻይ ቤት አንዱ ለጓደኛው፣ "እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ወይ በእጁ ይሰጣል፣ ወይ ይወሰድበታል" ሲል ሰማሁ። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ እንጃ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሁለቱን ባትሪዎች በዱቄት ከረጢት ደብቄ ወፍጮ ቤት ወሰድኳቸውና በጄነሬተር ሞላኋቸው። ባለ ወፍጮው ያውቃል፤ አይናገርም።

ሐምሌ 18

ሦስተኛው አብጧል። አሁን መካድ አይቻልም። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው በጎኑ ይወዛወዛል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያነሳ ስለሚችል ብረት ድስት ውስጥ አሸዋ ሞልቼ ቀበርኩት። ድስቱ የማንአለሽ ነው።

ወስጄ ሜዳ ላይ ልጥለው እችል ነበር። አልጣልኩትም። አንዳንዴ ጥቂት ቀን ሲያርፍ ይጎድላል የሚል ነገር ሰምቼ አውቃለሁ።

ሐምሌ 24

ወርቁ ገበያ መጥቶ ቤት ገባ። ከመንደሩ ከወይራ በር እዚህ መካነ ኢየሱስ ድረስ በዚህ ጭቃ አህያ እየነዳ። ድንች አምጥቶልናል። እሳት ዳር ተቀምጦ እግሩን ሲያሞቅ ጭቃው እየደረቀ ከባቱ ላይ ይረግፍ ነበር።

"መሬቱ አፉን ከፍቷል" አለኝ።

"የቱ?"

"ከቤታችን በላይ ያለው። ከጥዱ ዛፍ እስከ ምንጩ ድረስ። እጅህን ብትሰድ እስከ ክርንህ ይገባል። ሐረግማ እዚህ አላድርም ማለት ጀምራለች።" ባቱን እየፈተገ፣ "የስቱዲዮህ ጓዳ ባዶ ነው አይደል?" አለኝ። "እስከ መስከረም ብቻ። ከብቱን ለጎረቤት ሰጥተን።"

በጓዳው ውስጥ ካሜራዋ አለች። ሰው ከገባ ጠያቂ ይገባል፤ ጠያቂ ከገባ ወሬ ይወጣል።

"ቆይ እስኪ ላስተካክለው" አልኩት።

"ግድ የለም፣ ሲመችህ" አለና ወዲያው ጨዋታ ቀየረ። "ካሜራዋስ? ጤና ነች?"

"ባትሪዋ አርጅቷል።"

"የእኔ ወገብም አርጅቷል። አንዱን ስትሞላ እኔንም አብረህ ሰካኝ" ብሎ ሳቀ። ወርቁ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። እኔም ሳቅሁ።

ከሄደ በኋላ ማንአለሽ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ምኑን ነው የምታስተካክለው?" አለችኝ።

ሐምሌ 29

ዝናብ። ጓዳውን አላስተካከልኩም። ነገ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ማንአለሽ ቅዳሴ ሄዳ እኔ ጓዳውን ልጠርግ ቆምኩ። ሣጥኑን የት እንደማዛውረው ሳስብ ጊዜው አለፈ። መኝታ ቤት እርጥበት አለው። ሳሎን ሰው ያየዋል። ጣራው ስር አይጥ አለ። የትም ልክ አልመጣልኝም።

አንደኛውና ሁለተኛው ግማሽ ላይ ናቸው። እንደዚያ መሆን አለባቸው።

ነሐሴ 5

ወይራ በር ተንዷል። ትናንት ሌሊት። ስልክ አይሠራም። መንገዱም ተቆርጧል። ማንአለሽ ተጠርታ ሄደች። ከዚያ የመጣ ሁሉ የሚናገረው የየራሱን ነው። ወርቁን አየሁ ያለኝ የለም።

ነሐሴ 6፣ ጠዋት

መምሬ ወልደ ማርያም ስቱዲዮው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የወይራ በር ማርያም ቄስ ናቸው። ጭቃው እስከ ጥምጥማቸው ደርሷል።

"አስቻለው ልጄ" አሉኝ፣ "ያች በህሊና ሠርግ ያበረርካት ዛሬም አለች?"

መንገደኛ ይሰማን እንደሆነ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። እሳቸው ግድ አልነበራቸውም።

"አለች አባ። ባትሪዎቿ ግን አርጅተዋል።"

"ሰው ጭቃ ስር ነው። ገደሉ አላስጠጋንም። አንድ ጊዜ ከላይ እይልን፤ ሰው ያለበትን ብቻ ጠቁመን። ወንድምህም እዚያው ነው ያለው።"

"ፈቃድ ያስፈልጋል።"

"እሱን ለእኔ ተወው" ብለው ሄዱ። ተመልሰው መጡ። አንድ የጸጥታ ሰው አብሮኝ እንዲቆም ሆኖ ተፈቅዷል። ወፍጮ ቤት ሮጬ ሁለቱን ልሞላ ነው። ሦስተኛውንም ከአሸዋው አውጥቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ነሐሴ 6፣ ማታ

እንዳለ ልጻፈው።

ከገደሉ ማዶ፣ ወይራ በር ፊት ለፊት ቆምን፤ እኔ፣ መምሬና የጸጥታው ሰው። ብርድ ነበር። ባትሪዎቹን በብብቴ አቅፌ፣ ጋቢዬን ደርቤ አሞቅኳቸው። ሰዎቹ ተራራው ስር አካፋና ዶማ ይዘው የምጠቁማቸውን ይጠብቃሉ።

በአንደኛው ባትሪ የተናደውን ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። በስልኬ ላይ የሚታየው ቡናማ ነገር ብቻ ነው። ጥዱ የለም። ምንጩ የለም። የወርቁ ቤት የነበረበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አልፌበት አላወቅኩትም። ታች፣ ጭቃው ያቆመበት ላይ፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ ይታያል። መለስኳት።

በሁለተኛው ገደሉን ጎን ለጎን ሄድኩ። ወገቡ ላይ አንዲት ጠባብ ሜዳ አለች፣ አንድ ወይራ የበቀለባት። ናዳው በአጠገቧ አልፎ ሳይነካት ቀርቷል። ሰው ቢኖር ይወጣል፣ እጁን ያወዛውዛል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልወጣም። ከወይራው ስር ነጭ ነገር ነበር። ዝቅ ልበል ብዬ ስጀምር ባትሪው ከአርባ ወደ አሥራ አምስት ወረደ። መቆጣጠሪያው ጮኸ። በራሷ ዞራ መጣች፤ እጄ ላይ ልትደርስ ስትል ሞተሯ ጠፋ፤ ያዝኳት።

"ምን አየህ?" አሉ መምሬ።

"ታች ቆርቆሮ አየሁ። ሰው አላየሁም።"

"ከወይራዋ ስር ነጭ ነገር አልነበረም?" እሳቸውም በትከሻዬ ላይ ሆነው ያዩ ነበር።

"ድንጋይ ነው አባ።"

የጸጥታው ሰው፣ "ሌላ ባትሪ የለህም?" አለኝ።

"ያለው አብጧል፤ አይበርም።"

ይህ እውነት ነው። ያበጠ ባትሪ አየር ላይ ይጠፋል። ከጠፋ ገደል ትገባለች። ገደል ከገባች ለነገም አትኖርም፣ ለማንም አትጠቅምም። የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

ሰዎቹ ወደ ታች፣ ወደ ቆርቆሮው ሄዱ።

ነሐሴ 7

ጉም። እጅህን ዘርግተህ ጣትህ አይታይም። ቆርቆሮው ስር ቆፍረው ሁለት አስከሬን አወጡ፤ የወርቁ ጎረቤቶች ናቸው። ወርቁና ሐረገ ወይን የሉም። ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ ጨርሷል። ባትሪዎቹ ባዶ ናቸው። በጉም ደግሞ ማንም አያበርም።

በዝናብ የታጠበ ድንጋይ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ነሐሴ 8

ጉም። ልጅ ሆነን ወይራ በር ፍየል ፍለጋ ስንወርድ ከዚያች ሜዳ ላይ ተቀምጠን እናውቃለን። ነጭ ድንጋይ ነበረባት። መሰለኝ።

ማንአለሽ ለአፍታ መጥታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። "እርግጠኛ ነህ ሰው አላየህም?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ሰው አላየሁም።

ነሐሴ 9

ጉሙ ተገፈፈ። ከማዶ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች የሰው ድምፅ ሰሙ። በገመድ ወረዱ። ከወይራዋ ስር።

ሐረገ ወይን አለች። ወርቁ የለም።

ነሐሴ 10

ቀበርነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከናዳው በላይ ስለሆነ ተርፏል። መምሬ ወልደ ማርያም ፍትሐቱን ሲያደርሱ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ለቅሶ የመጣው ሰው እጄን እየጨበጠ፣ "አንተስ የምትችለውን አድርገሃል" ይለኛል። አንድም ሰው አልቀረም ያንን ያላለኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። መምሬ ግን አላሉኝም። ትከሻዬን ያዝ አድርገው አለፉ።

ነሐሴ 12

ጤና ጣቢያ ለማንአለሽ ምሳ ላደርስ ሄጄ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ ለሌላዋ ነርስ ስትነግራት ሰማሁ።

"እግሩ ተሰብሮ ደም ፈሶታል። ብርዱ ነው የጨረሰው። ያረፈው በመጨረሻው ጠዋት ነው፤ ሊደርሱላቸው ጥቂት ሲቀር። እስከዚያ ያነጋግራት ነበር ትላለች።"

ምሳውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ስለዚህ እኔ ሳበር ነበረ። በሕይወት። ካሜራዋ ከበላዩ ስትቆም ነበረ። ታዲያ ለምን አልወጡም? ለምን እጃቸውን አላነሱም? ቢያነሱ አይ ነበር። ማንም ሰው ያይ ነበር።

ነሐሴ 17

ጾሙ ትናንት ተፈታ። ሐረገ ወይን ከጤና ጣቢያ ወጣች። የምትገባበት ስለሌላት ስቱዲዮው ጓዳ አስገባናት።

ጓዳውን በአንድ ጠዋት ጠርጌ፣ አልጋ ዘርግቼ ጨረስኩ። የካሜራዋን ሣጥን መኝታ ቤት አልጋ ስር ወሸቅኩት። ምንም አልከበደም። ማንአለሽ አንሶላውን ስታነጥፍ አላየችኝም፣ እኔም አላየኋትም።

ነሐሴ 20

ዛሬ ቪዲዮውን በኮምፒውተር አየሁት። ስልክ ላይ ትንሽ ነው፤ ይህ ሰፊ ነው። ወፍጮ ቤቱ ሠርቶ መብራት አገኘሁና አየሁት። እስከ ዛሬ ያላየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ነጩ ነገር ከወይራው ግንድ ወዲህ ነው። አንደኛው ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቷል። ካሜራዋ ስትቀርብ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። አቆምኩት። መለስኩት። ይሰበሰባል። ነፋስ ነው ብዬ ቅርንጫፎቹን አየሁ፤ ቅጠሉ አይነቃነቅም።

ድንጋይ እንዲህ አያደርግም። ደግሞ በዚያ አገር ያለው ድንጋይ ጥቁር ነው። ሁልጊዜም ጥቁር ነበር።

ከኔ ተደብቀዋል።

ነሐሴ 23

አልጋ ስር ያለው ሣጥን ይሰማኛል። ድምፅ የለውም፣ ግን ይሰማኛል።

ያ ባትሪ አይበርም ነበር። አብጧል። ዝቅ ብዬ ለማየት የሚያስፈልገኝ ጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ጥቂት ደቂቃም አይበቃም ነበር። ይህን በእርግጥ ካወቅኩ እተኛለሁ።

ነሐሴ 26

ምን እንደያዘኝ አላውቅም።

ማንአለሽና ሐረገ ወይን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ስቱዲዮውን ዘግቼ፣ ካሜራዋን በገመድ ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሬ፣ ከገደሉ ቀን ወዲህ ያልሞላሁትን ሦስተኛውን ባትሪ አስገባሁ። በጥፊ መታ አድርጌ ነው የገባልኝ፣ እብጠቱ አላስገባ ብሎ። ይጠፋል፣ ይጨሳል ብዬ የአሸዋውን ድስት አጠገቤ አድርጌአለሁ።

ተነሳች። ገመዱን ወጥራ አየር ላይ ቆመች። ከግድግዳው ላይ የሠርግ መጋረጃው ይርገበገባል፣ የቆየ አቧራ ቤቱን ሞላው። አሁን ትጠፋለች ብዬ ቆምኩ። አልጠፋችም። አሁን ብዬ ጠበቅሁ። አልጠፋችም። ያችን ሜዳ ሄጄ፣ ዝቅ ብዬ፣ አይቼ፣ ልመለስ የምችልበት ጊዜ አለፈ። ከዚያም በላይ አለፈ። ቆማለች። ያን ጊዜ፣ "ጥፊ እባክሽ" አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ያቆምኳት ጩኸት ሰምቼ ነው። የሐረገ ወይን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጅ ደርሰው ነበር። ስወጣ ደረጃው ስር፣ ጭቃው ላይ ተኝታለች። ማንአለሽ በላይዋ ተጎንብሳ፣ "የእኛ ነው፣ የእኛ ነው፣ የአስቻለው ነው" ትላታለች። ጎረቤቶቹ በየበሩ ቆመው ያያሉ።

ሐረገ ወይን ቀና ብላ አየችኝ። "ያንተ ነው?" አለች።

ነሐሴ 27

ጠዋት መጥተው ካሜራዋን ወሰዷት። ጎረቤት ይሁን ሻይ ቤት ያለው ማን እንደተናገረ አልጠየቅሁም። ያ ገደሉ ላይ አብሮኝ የቆመው ሰው ነው የመጣው። ሣጥኑን ሰጠሁት። መቆጣጠሪያውንም፣ ሦስቱንም ባትሪዎች።

"ግማሽ ላይ ነው የሚቀመጡት" አልኩት። "ሁለተኛው ከአርባ በታች አይታመንም። ያበጠውን ለብቻው…"

"ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። ግራ ገብቶት እንጂ ሊያናድደኝ አይመስለኝም። አስፈርሞኝ ሄደ። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር።

ማታ ማንአለሽ አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ምን ልታደርግ ነው ያስነሳሃት?"

"ባትሪውን ልሞክረው።"

"ያንን ያበጠውን?"

"አዎ።"

"ሠራ?"

"ሠራ።"

ከዚያ ብርድ ልብሷን ይዛ ሐረገ ወይን ዘንድ ጓዳ ሄዳ አደረች።

ጳጉሜን 3

ዝናብ። ሰዉ በዝናቡ ሊጠመቅ ወጥቷል። እኔ አልወጣሁም።

መስከረም 1

ህሊና ከወገዳ መጣች፤ በእግርም በመኪናም ሆና። እናቷን ልትወስድ ነበር። ሐረገ ወይን አልሄድም አለች። "መቃብሩ እዚህ ነው" አለች። ህሊና አልቅሳ ተመለሰች። ስትሰናበተኝ አንገቴን አቅፋ፣ "አጎቴ፣ አባቴን ስለፈለግክልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ።

መስከረም 5

ማንአለሽ ሥራ ገብታ ሐረገ ወይን ጠራችኝ። ጓዳው በር ላይ ቆምኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ግባ፤ የምነግርህ አለ" አለች።

ገብቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ወደ ግድግዳው እያየች ነው የተናገረችው።

"ናዳው ሲመጣ ውጭ ነበርን። ጠራርጎ ከዚያች ሜዳ ላይ ጣለን። እሱ እግሩ ተሰበረ እንጂ ነፍሱ ደህና ነበረች። በሁለተኛው ቀን ያ ድምፅ መጣ። ወርቁ ቀና አለ። 'ሐረግ፣ ይህች የአስቻለው ነች' አለኝ። 'ድምጿ ትንሽ ነው፤ የህሊና ሠርግ ጊዜ ያችው ነች፤ ልውጣላት' አለኝ። እኔ ነኝ የከለከልኩት። የሱ አይደለችም፣ ትገድለናለች ብዬ ጎትቼ ወይራው ስር አስገባሁት። ጋቢውን ደፋሁበት። ጫፉ ውጭ ቀርቶ ነበር፣ ሰበሰብኩት። 'ልቀቂኝ' እያለኝ በላዩ ተኛሁበት። እግሩ ተሰብሯል፣ አቅም የለውም፤ ባልተኛበት ኖሮ ይወጣ ነበር።" ከዚያ ዞራ አየችኝ። "ያንተ ነበረች። እኔ ነኝ የገደልኩት አስቻለው። ለሰው አልተናገርኩም። አንተ ወንድሙ ነህ፣ አንተ እወቀው።"

አንቺ አይደለሽም ልላት አፌን ከፈትኩ። ቀጥሎ "እኔ ነኝ" ማለት ይመጣል። ይህን ስለማውቅ ከፈትኩትና ዘጋሁት።

"እግዜር ያውቃል" አልኳት። እግዜር ያውቃል! ይህን ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

መስከረም 9

ሐረገ ወይን ምግብ አትቀምስም። የቀረበላት እንዳለ ይነሳል። ውሃ ብቻ።

መስከረም 12

መምሬ ወልደ ማርያም መጥተው ለረጅም ጊዜ አነጋገሯት። ሲወጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ንስሐዋን ተቀብያለሁ፤ እሷ ግን ራሷን አልተቀበለችም" አሉኝ። ዓይኔን አይተው የሆነ ነገር የሚጠብቁ መሰሉ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ላድርስዎት አልኳቸው። "አልፈልግም ልጄ" ብለው በትራቸውን ይዘው ሄዱ።

መስከረም 15

ማንአለሽ በመርፌ ግሉኮስ ሰጠቻት። ዛሬ ጓሮ ጠርታኝ፣ "የሰውነቷ ነገር አላማረኝም። በዚህ ከቀጠለች አንድ ወር አትቆይም" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ያለችህን ለእኔም ነግራኛለች። ባትሪውን ንገራት" አለችኝ።

"ብነግራት ትጠላኛለች።"

"ትጥላህ።"

መስከረም 17

ደመራው ተለኩሶ ሰዉ ሲጨፍር ከስቱዲዮው በር ሆኜ አየሁ። ለሐረገ ወይን የምነግራትን ቃል በልቤ እደረድራለሁ። "ያረጀ ነበር" በሚል ይጀምራል። ሁልጊዜ በዚያ ይጀምራል።

መስከረም 18

ነገርኳት።

ምሳ ሰዓት ነበር። ማንአለሽ እንጀራ በድንች ወጥ አቅርባላት አጠገቧ ተቀምጣለች። ሐረገ ወይን እጇን አልዘረጋችም። እኔ ገብቼ ቆምኩ። የደረደርኩት ሁሉ ጠፋኝ።

"ሐረግ፣ ጋቢውን አይቼዋለሁ" አልኳት።

አልገባትም። "የትኛውን?"

"የወርቁን። ከወይራው ስር ነጭ ነገር አየሁ። መምሬ ምንድን ነው ሲሉኝ ድንጋይ ነው አልኩ። ባትሪው አልቆብኝ ነበር። በቦርሳዬ ሌላ ነበረኝ። አብጧል፣ አይበርም አልኩ። ካሜራዋ ገደል እንዳትገባብኝ ፈርቼ ነው። በኋላ ሞከርኩት። ያን ቀን የሰማሽው እሱን ነው። ይበር ነበር። ዝቅ ብዬ ብመለከት ኖሮ እናንተን አይ ነበር። አንቺ ብትደብቂውም እኔ አይቼዋለሁ።"

ማንአለሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሐረገ ወይን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ ከናዳው ወዲህ ፊቷን ደም ሞልቶት አላየሁትም ነበር።

"ለዕቃ ብለህ?" አለች።

"አዎ።"

"ወንድምህን? ክረምቱን እዚህ አስጠጋኝ ብሎ የለመነህን? ድንች ተሸክሞ መጥቶ የለመነህን?"

ያንንም ታውቃለች። ነግሯታል ማለት ነው። ለማንአለሽ እንኳ ደግሜ ያላነሳሁት ነገር ነው፤ በዚህ ደብተርም ቢሆን ከናዳው ወዲህ አልጻፍኩትም።

"አዎ" አልኳት።

"እሱ እስኪሞት ድረስ፣ 'አስቻለው ይመለሳል፣ አይቶናል' ሲለኝ ነበር። እኔ ውሸትህን ነው ስለው ነበር።" ድምጿ ከፍ አለ፤ ከዚያ ደረት ውስጥ ያን ያህል ድምፅ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። "ውጣልኝ! ከፊቴ ውጣ! ዓይንህን አላይም!"

ወጣሁ። በስቱዲዮው አልፌ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ ሰዎች አደይ የያዙ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ያልፋሉ። ከውስጥ ሐረገ ወይን ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች፣ በየመሀሉ ታለቅሳለች። ስሜን ስትጠራ የሰሙ ጎረቤቶች በር ከፍተው አዩኝ። አልተነሳሁም። ስድቡ እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ምንም አልሰማሁም፤ ያ ጸጥታ ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራኝ።

ብዙ ቆይቶ ማንአለሽ ወጣች። እኔ አጠገብ አልተቀመጠችም። ትሪውን በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ባዶ ነበር።

"በላች" አለችኝ።